ነፃ ወረቀት ለልጆች፦ ከካርድ ክፍል መስኮት ያየሁት

ካርድ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን አስተዳዳሪያችን ጓድ ግርማ ከወንበራቸው ሳይነሡ የሥራ ድርሻዬን ነገሩኝ።

«አንቺ በሽተኛ አታዪም» አሉኝ። «በሽተኛ የሚያዩ ሌሎች አሉ። አንቺ የምታዪው ወረቀት ነው።»

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ጂንካ ውስጥ የነበረ የመንግሥት ጤና ድርጅት ነው። በዚያ ዘመን የታመመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልታመመ ደግሞ ባያውቀው አይጎዳም። ዘመኑ የደርግ ነው። ሁላችንም ጓዶች ነበርን፤ አንዳንዶቻችን ግን ወንበር ነበረን።

የተቀጠርኩት አሪኛ ስለምናገር ነው። እናትና አባቴ አሪዎች ናቸው፤ አማርኛን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ጓድ ግርማ አባታቸው ከሰሜን መጥተው ጂንካ የሰፈሩ፣ ራሳቸውም እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ከአሪኛ የሚያውቁት «ነገ ና» ማለትን ብቻ ነበር። እሷን ግን አጥርተው ይሏታል።

የሥራ ዕቃዬ ቀላል ነው። የካርድ ሳጥን፣ መዝገብ፣ ማኅተም፣ የማኅተም ቀለም ያለባት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ፣ አንዲት መስኮት። በመስኮቷ በኩል የሚመጣውን ሰው ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፦ ከፋይ፣ በደብዳቤ የሚታከም የመንግሥት ሠራተኛ፣ እና ነፃ። አራተኛ ክፍል አልነበረም። አራተኛው ክፍል ውጭ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ሕዝብ ነው።

ነፃ ለመታከም ነፃ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚሰጠው ገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ማኅተሙ ያለው ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ድሃ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ለድህነትህ የሚመሰክርልህ ሰው ማወቅ አለብህ። ሊቀመንበሩን በደንብ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ድሃ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ነፃ ወረቀት ይዘው የመጡልኝ ሴትዮ የሊቀመንበር እህት ነበሩ። አዲስ የቆዳ ጫማ አድርገዋል፣ ጃንጥላ ይዘዋል። ድህነታቸው ግን በማኅተም የተረጋገጠ ስለሆነ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

የልጆች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር። ወረቀቱ «አባል እገሌ ከነቤተሰቡ» ነው የሚለው። አባት አባል ከሆነ ልጅ አለ። አባት ካልተመዘገበ፣ ከሞተ ወይም መዋጮውን ካጓደለ ልጁ የለም። ያስላል፣ ትኩሳት አለው፣ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ያለቅሳል፤ በመዝገብ ግን የለም። የሌለን ልጅ እንዴት ታክመዋለህ?

ማርታ የመጣችው በዝናብ ወራት ነው። ከካኮ ወዲህ ካለች መንደር በእግሯ መጥታ መስኮቴ ፊት ቆመች። ጀርባዋ ላይ ምሕረት የምትባል ትንሽ ልጇ አለች። ልጅቷ ኩፍኝ ይዟት ለቋት ነበር፤ ኩፍኙ ሲለቅ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። አተነፋፈሷን ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ እሰማዋለሁ።

«ወረቀት አለሽ?» አልኳት በአሪኛ።

«ባለቤቴ ሞቷል» አለች። «ወረቀቱ በማን ስም ይወጣል?»

ጓድ ግርማ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ምን ትላለች?»

«ባሏ ሞቷል። አባል ሳይሆን ነው የሞተው።»

«ለምን ሳይመዘገብ ሞተ?»

ይህን ጥያቄ ወደ አሪኛ አልመለስኩትም።

ማርታ ፊታቸውን አይታ ገባት። በምታውቃት አማርኛ ራሷ ሞከረች። «ጌታዬ፣ ልጅ ታሟል። ብዙ ታሟል። እኔ ወረቀት የለም፣ ልጅ አለ።»

«ከሊቀመንበርሽ ወረቀት አጽፈሽ ነይ» አሏት። ቀጥሎም በአሪኛ «ነገ ና» አሏት። ለሴት የሚባለውን አያውቁትም።

ጤና ረዳታችን ሲሳይ ድምፁን ሰምቶ ወጣ። ሕዝቡ ዶክተር ነው የሚለው፤ እርሱም ማረም ሰልችቶት ትቶታል። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የልጅቷን ልብስ ገልጦ ደረቷን አየ። በተነፈሰች ቁጥር የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«ይህች ልጅ ዛሬ መርፌ መጀመር አለባት» አለ።

«አስቸኳይ ማለት የደማ ወይም የተሰበረ ነው» አሉ ጓድ ግርማ። «መመሪያው ላይ ተጽፏል።»

«የታመመው ሳንባዋ ነው።»

«ሳንባ አልተጻፈም።»

ሲሳይ አልተከራከረም። ከሳጥኔ አንድ ባዶ ካርድ አነሣና ጻፈበት፦ «ሕፃኗ በጠና ታማ ታይታለች፤ በአስተዳደሩ ትእዛዝ ሳትታከም ተመልሳለች።» ካርዱንና እስክሪብቶውን ለጓድ ግርማ አቀረበ።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለ።

ጓድ ግርማ ፊርማ በጣም ይወዳሉ፤ የሌላ ሰው ፊርማ። እስክሪብቶውን አዩት፣ ልጅቷን አዩዋት፣ እንደገና እስክሪብቶውን አዩት።

«ትግባ» አሉ። «ግን እናትየዋ ወረቀቱን ታመጣለች። እስክታመጣ ድረስ ልጅቷ የመውጫ ካርድ አይሰጣትም።»

ያለ ወረቀት መግባት የማትችለው ልጅ በአንድ ጊዜ ያለ ወረቀት መውጣት የማትችል ሆነች። በቢሮ ቋንቋ ይህ መሻሻል ይባላል።

ፔኒሲሊኑ ሠራ። ምሕረት መብላት ጀመረች፤ ከዚያም ኮሪደሩ ላይ መሮጥ ጀመረች፤ ከዚያም ካርዶቼን መበተን ጀመረች። ድና ሳለ አልጋ ይዛለች። አልጋ የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች ወለሉ ላይ ተኝተዋል። «ትውጣ» ብል ጓድ ግርማ «ወረቀቷስ?» ይላሉ።

ማርታ ልጅቷን ለእህቷ ትታ ሊቀመንበሩን ፍለጋ ሄደች። መንደር ስትደርስ ሊቀመንበሩ አቶ ዘለቀ ጂንካ ለስብሰባ ሄደዋል ተባለች። ጂንካ ስትመለስ ስብሰባው አልቆ ወደ ካኮ ወጥተዋል ተባለች። ካኮ ስትደርስ ደግሞ ወደ አልዱባ። የስብሰባው አጀንዳ መሪዎችን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ ነበር።

እግሯ አብጦ ስትመለስ አየኋትና ወደ ጓድ ግርማ ገባሁ። «ጓድ፣ የገበያው ቀን ፈቃድ ቢሰጡኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«አልዱባ። ማር ልገዛ።»

«የአልዱባ ማር ጥሩ ነው» አሉ። «ለእኔም ያዢልኝ።»

ከማርታ ጋር ጨው በጫነ መኪና ላይ ወጣን። በቦርሳዬ ነጭ ወረቀቶችና የማኅተም ቀለም ያለባትን ቆርቆሮ ይዣለሁ። አቶ ዘለቀ ቀለም እንደማይዙ ሰምቼ ነበር። ማኅተም ይዞ ቀለም አለመያዝ ትልቅ ዘዴ ነው፤ ሰውን ሳይከለክሉ መከልከል ይቻላል።

አልዱባ ገበያው ደምቋል። በናዎችና ፀማዮች ፍየል ያወዳድራሉ፤ የአሪ ሴቶች ጎመን፣ በቆሎና ቂቤ ዘርግተዋል። አቶ ዘለቀ ከዳስ ሥር ተቀምጠው ቦርዴ ይጠጣሉ። የማኅተሙ ገመድ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል።

ሰላም ብዬ ጉዳዩን ነገርኳቸው። በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ።

«ነፃ ወረቀት የአባላት ነው» አሉ። «ባሏ አባል አልነበረም። እሷም አባል አይደለችም።»

«ልጅቷስ፣ ጋሼ?»

«ልጅ አባል አይሆንም። ለአባልነት ዕድሜ ያስፈልጋል።»

«እስከዚያ ብትታመምስ?»

«ዕድሜዋ ሲደርስ ትምጣ፤ እንመዘግባታለን።»

ይህን ሲሉ አልቀለዱም። እኔም አልሳቅሁም። ማርታ ግን የተባለውን በአሪኛ ጮክ ብላ ደገመችው፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገባችን ቂቤ ለምትሸጠው ጎረቤቷ። ጎረቤቷ ለቀጣይዋ ነገረች። ጥቂት ቆይቶ የዳሱ በር በሴቶች ተሞላ።

«የእኔ ልጅም የለም ማለት ነው?» አለች አንዷ። «አባቱ መዋጮ አጓደለ ተብሎ ተሰርዟል።»

«የእኔ ባል ዘምቶ አልተመለሰም» አለች ሌላዋ። «ስሙ አለ፣ እርሱ የለም። ልጆቹ አሉ፣ ስማቸው የለም።»

አንዲት አሮጊት በዱላቸው ተደግፈው ወደ ፊት ወጡ። «ዘለቀ» አሉ፣ «አንተን ስንወልድህ አባል ነበርክ ወይ?» ሴቶቹ ሳቁ። ቦርዴ ቀጂዋም ሳቀች፤ እሷ መሳቋ አቶ ዘለቀን ከሁሉ ይበልጥ አሳፈራቸው መሰለኝ።

«እሺ፣ ለዚች ልጅ አትማለሁ» አሉ። «ግን ቀለም የለኝም።»

ቆርቆሮዋን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኳት።

«ይሄ የመንግሥት ንብረት አይደለም?» አሉኝ።

«አዎ። ያመጣሁትም ለመንግሥት ሥራ ነው።»

ምሕረትን በራሷ ስም ጻፍኳት። «አባል እገሌ ከነቤተሰቡ» አላልኩም። ሕፃን ምሕረት፣ የእናቷ ስም ማርታ፣ መንደሯ ይህ፣ ነፃ እንድትታከም። አቶ ዘለቀ አተሙ። ማኅተሙን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ ሴቶቹ ከበሩ አልነቃነቅ አሉ። ሁሉም የልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ያትማሉ። ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ሆነ። መጨረሻ ላይ አቶ ዘለቀ ማተሙ እየጣማቸው ሄደ፤ «ማን ቀረ?» ማለት ጀምረው ነበር።

ማሩንም ገዛሁ።

ጓድ ግርማ የምሕረትን ወረቀት አገላብጠው አዩት። «ይህ ፎርሙ አይደለም» አሉ።

«ማኅተሙ ግን የማኅበሩ ነው።»

«ልጅ በራሷ ስም ተጽፋለች።»

«የታመመችውም እሷ ናት፣ ጓድ።»

ማኅተሙን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። ክቡ ሙሉ ነው፤ ፊርማው አለ። ጓድ ግርማ በሰው ይጠራጠራሉ፤ በማኅተም ግን አይጠራጠሩም። የመውጫ ካርዷን ፈረሙ። ማሩንም ቀመሱና ጥሩ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ከእነዚያ መንደሮች እናቶች ወረቀታቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ልዩነቱን መጀመሪያ ያየው ሲሳይ ነው። «ልጆቹ ቶሎ እየመጡ ነው» አለኝ። ቀድሞ እናት ሊቀመንበር ፍለጋ ስትዞር ልጁ እየባሰበት ይመጣል። አሁን ወረቀቱ ቤት ስላለ ባተኮሰው ማግስት ይዘውት ይመጣሉ። መዳን የሚችል ልጅ ይመጣል ማለት ነው። አዲስ መድኃኒት አልመጣም፣ አዲስ ሐኪም አልመጣም፤ የሚሞቱት ልጆች ግን ቀነሱ።

ይህ እርግጥ ጥርጣሬ አስነሣ። ነፃ ታካሚ ለምን በዛ ተብሎ ጓድ ግርማ ወደ አውራጃ ተጠሩ፤ እኔንና ሲሳይንም አስከትለው ሄዱ። ላባቸውን እየጠረጉ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በክስ አነጋገር ነው። የአውራጃው ካድሬ ግን ነገሩን ሰምቶ ደስ አለው። ለሪፖርት የሚሆን ነገር ሲፈልግ ነው የከረመው።

«ይህ ዘመቻ መሆን ይችላል» አለ።

ዘመቻ ሆነ። «ሕፃናትን በነፃ ሕክምና የማቀፍ ዘመቻ» ተባለ። ጨርቅ ላይ መፈክር ተጻፈ፤ ከጎኑ ጉንጩ የተነፋ ሕፃን ተሣለ። እንደዚያ የጠገበ ልጅ በመስኮቴ አልፎ አያውቅም። ጓድ ግርማ የዘመቻው ሰብሳቢ ሆኑ። በመክፈቻው ንግግር ሐሳቡ እንዴት እንደመጣላቸው ተናገሩ። እኔም እዚያው ነው የሰማሁት፤ ቢሯቸው ሲያስቡ ነው የመጣላቸው።

አልከፋኝም። ወረቀትና መኪና ሰጡን።

ካኮን ጨረስን፣ ወደ ዲመካ ወረድን። ሐመሮች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ካድሬው ተናገረ፤ አስተርጓሚው ረጅሙን ንግግር በአጭሩ መለሰው። ኦይታ የሚባል ሰው ተነሣ። ትንሽ ወንድ ልጁ በእግሮቹ መካከል ቆሟል።

«ወረቀቱን ልጁ ይበላዋል ወይስ ይለብሰዋል?» አለ።

«ወረቀቱን ይዘህ ስትመጣ ልጅህ በነፃ ይታከማል» ተባለ።

«የት ነው የምመጣው?»

«ጂንካ።»

ኦይታ ወደ ጂንካ የሚወስደውን መንገድ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ወረቀቱን እዚህ ታመጣላችሁ» አለ፣ «መድኃኒቱ እዚያ ይቀራል። ለምን መድኃኒቱን አምጥታችሁ ወረቀቱን እዚያ አታስቀሩትም?»

አስተርጓሚው ለካድሬው ሲተረጉም «መንግሥትን ያመሰግናል» አለ። ካድሬው አጨበጨበ።

ልጁን በስሙ ጻፍኩት። ኦይታ ወረቀቱን አጥፎ ከቆዳ በተሰፋች ትንሽ ከረጢት ከተተና ልጁ አንገት ላይ አሰረው። አሠራሩ ጥሩ ነበር፤ ዝናብ አያስገባም።

ዘመቻው በከፍተኛ ውጤት ተጠናቀቀ። ይህ ማለት ወረቀቱ አለቀ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የመድኃኒት መደርደሪያችንም ባዶ ሆነ። ወረቀት ያለው ልጅ በዝቷል፤ መድኃኒቱ ግን የሚላከው በድሮው ልክ ነው። ሲሳይ ያክማል፣ ማዘዣ ይጽፋል፣ «ከውጭ ግዙ» ይላል። ከፍለው መግዛት ቢችሉ መጀመሪያውኑ ነፃ ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል?

ሲሳይ ለጓድ ግርማ ነገራቸው። ጓድ ግርማ ሪፖርታቸውን እየጻፉ ነበር።

«ሽፋኑ ሙሉ ነው» አሉት። «የጎደለው መድኃኒቱ ብቻ ነው።»

ኦይታ ልጁን ይዞ መጣ። ከዲመካ ጥቂት በእግር፣ ጥቂት በጭነት መኪና ነው የመጣው። ልጁ አልነቃ ብሎታል። መስኮቴ ጋ ሲደርስ የቆዳ ከረጢቷን ከልጁ አንገት ፈትቶ ወረቀቱን ሰጠኝ። አንድ ጠብታ ውኃ አልነካውም። ስሙ ይነበባል፣ ማኅተሙ ይነበባል። ካርድ አወጣሁለት፤ ማንም አላዘገየውም።

የሚያስፈልገው መርፌ አልነበረም። ሲሳይ ማዘዣ ጻፈ። ኦይታ ይዞት የመጣውን ፍየል ሸጦ ሊገዛ ጂንካ ገበያ ወጣ፤ የገበያ ቀን ስላልነበረ የሚገዛው አጣ። እኔና ሲሳይ ካለን ላይ አዋጥተን ከመድኃኒት ቤት ገዝተን ስንመለስ ልጁ ሞቷል።

ኦይታ ማዘዣውን በእጁ እንደያዘ በር ላይ ደረሰ። ሲሳይን ሲያየው ገባው። ልጁን አቅፎ ወጣ። ወረቀቷ እኔ ጋ ቀረች።

ጓድ ግርማ ያን ቀን ከቢሮ አልወጡም ነበር። ማምሻውን መስኮቴ ጋ መጥተው ቆሙ። «ወረቀቱ ልክ ነበር?» አሉኝ።

«ልክ ነበር» አልኳቸው።

ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ማርታ ወሬውን የሰማችው ጂንካ ገበያ ስትመጣ ነው። በየጊዜው ጎራ ትላለች፤ ምሕረትም አብራት ትመጣለች፤ ካርድ መበተኑን ግን ትታለች። ከመስኮቱ ወዲያ ቆማ «የእንግዳው በቆሎስ?» አለችኝ።

«የምን እንግዳ?»

ገበሬ ማኅበሩ የጋራ እርሻ አለው። ሁሉም በየተራው ያርሰዋል፣ ሴቶቹም ያርሙታል። በቆሎው ሲደርስ ጎተራ ይገባል፤ ከዚያ ለጉብኝት የሚመጡ እንግዶች ምሳ እየተባለ ያልቃል። እንግዶቹ የሚመጡት እርሻውን ለመጎብኘት ነው። እርሻው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁ እንግዳ ይቀበላል ይባላሉ።

«በእሱ ለልጆቹ መድኃኒት አይገዛም?» አለች።

በማኅበሩ ስብሰባ ቀን ከሲሳይ ጋር ሄድን። ማርታ ዳር ቆማ ልትናገር ስትል አቶ ዘለቀ እጃቸውን አነሡ። «አባል ያልሆነ አይናገርም።»

«እኔ አባል አይደለሁም» አለች። «የምናገረው ስለ ምሕረት ነው። ምሕረትን እርስዎ ራስዎ ነው ያተሙላት።»

አቶ ዘለቀ ዞር ብለው አዩኝ። ያተሙትን ሰው ሲክዱ አይቼ አላውቅም። «ቀጥይ» አሏት።

ማርታ ሐሳቧን ተናገረች። ሲሳይ ስለ ኦይታ ልጅ ተናገረ፤ ረጅም አላደረገውም። አቶ ዘለቀ ራሳቸውን አከኩ።

«የእንግዳ ምሳስ?» አሉ።

«እንግዳው ስንቁን ይዞ ይምጣ» አለ ከኋላ የተቀመጠ ገበሬ።

በዚያ ዘመን ሁሉም ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ነበር የሚያልፈው። ካድሬው እጁን ሲያነሣ ሁሉም ያነሣል። ያን ቀን ካድሬ አልነበረም፤ እጆቹ ግን ተነሡ፣ ከዳር የቆሙት ሴቶች እጅ ሳይቀር። አቶ ዘለቀ የሴቶቹንም ቆጠሩ።

በቆሎው ተሸጦ የልጆች መድኃኒት ተገዛ። ጂንካ ሳይሆን እዚያው መንደሩ አጠገብ፣ የመንደር ጤና ሠራተኛው ቤት ቁልፍ ባለው ሣጥን ተቀመጠ። ሲሳይ በገበያ ቀን እየሄደ ይሠራል። ደንቡ አንድ ነው፤ ስሙ የተጻፈ ልጅ ሁሉ፣ አባት ኖረውም አልኖረው፣ ከሣጥኑ ይታከማል። እናንተ ዛሬ መድን የምትሉት ነገር ነው። እኛ የእንግዳው በቆሎ ነበር የምንለው።

ጓድ ግርማ «ሕዝቡን በማስተባበር በቆሎን ለሕፃናት ጤና የማዋል ተግባር» ብለው ሪፖርት አደረጉ። ጥሩ ሪፖርት ነበር። ከጻፏቸው ሁሉ እውነት ሆኖ ያየሁት እሱን ነው።

ቀጥሎ ኩፍኝ ገባ። በማኅበሩ መንደሮች ብዙ ልጅ ታመመ፤ ከሣጥኑ ቶሎ እየታከሙ አብዛኞቹ ዳኑ። ሁሉም አልዳኑም። ሣጥን የሌላቸው መንደሮች የሆነውን ግን እኔ ነኝ በመስኮት የተቀበልኩት፤ ልዩነቱን ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግሁም።

አንድ ቀን በበጋ ኦይታ መስኮቴ ላይ ብቅ አለ። ደነገጥኩ። የያዘው ልጅ አልነበረም፤ ፍየል ነው። ከእሱ ጋር ሌሎች ሦስት ሰዎች ፍየል እየሳቡ መጥተዋል። አስተርጓሚ ጠራሁ።

«በቆሎ አናርስም፤ ፍየል ግን አለን» አለ። «እነዚያ የሠሩትን ለእኛም ሥሩልን። ሣጥኑ ግን ዲመካ ይሆናል።»

«ልጅ አለህ?» አልኩት፤ ከአፌ ወጣና ጸጸተኝ።

«ሴት ልጅ አለችኝ» አለ። «የወንድሞቼም ልጆች አሉ።»

ጓድ ግርማ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ፍየሎች አይተው ወጡ። «ፍየል በየትኛው የደረሰኝ ሞዴል ነው ገቢ የሚደረገው?» አሉ።

«ለፍየል ሞዴል የለንም» አልኳቸው።

«እንግዲያው መቀበል አንችልም።»

ኦይታ አስተርጓሚውን ጠየቀ፤ አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ በትክክል ተረጎመለት። ኦይታ ጓድ ግርማን ረጋ ብሎ አያቸው። አስተርጓሚው ስሙን ሲነግራቸው ማን እንደሆነ ገብቷቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። «ሲሳይ ገበያ ወስዶ ይሽጣቸው» አሉ። «እኔ አላየሁም።»

በሃያ ዓመት የአስተዳደር ሥራቸው ለልጆች የሠሩት ትልቁ ነገር አለማየት ነው። ስላቅ አይደለም፤ አመሰግናቸዋለሁ።

የዲመካው ሣጥን እንዲህ ተጀመረ። እንደ መጀመሪያው አልቀናም። አንድ ዓመት ድርቅ ሆነና ፍየሎቹ አለቁ፤ አንድ ጊዜ መድኃኒቱ በሙቀት ተበላሸ። ቢሆንም የኦይታ ልጅ ሁለት ጊዜ ታማ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ዲመካ ታክማ ዳነች።

ደርግ ሲወድቅ ገበሬ ማኅበሩ ፈረሰ። ማኅተሙ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ፤ ከእሱም ጋር ያወጣናቸው ነፃ ወረቀቶች ሁሉ። ጓድ ግርማ አቶ ግርማ ሆኑና አዲሱ ማኅተም ምን ዓይነት ክብ እንዳለው ለማወቅ ሲዞሩ ከረሙ። እስኪታወቅ ድረስ ነፃ ሕክምና ቆመ። ያን ሰሞን ከመስኮቴ ወዲያ ያለው ዛፍ ሥር እንደ ድሮው ሞላ።

ሁለቱ ሣጥኖች ግን አልተዘጉም። የማንም ማኅተም አልነበረባቸውም። ሴቶቹ በቆሎውን ከየጓሯቸው ማዋጣት ቀጠሉ፤ ኦይታና ዘመዶቹም ፍየል ማምጣቱን አልተዉም።

ጡረታ ስወጣ ወጣት ባልደረቦቼ ስለ ሥራው ምክር ስጪን አሉኝ። ልጅን ከመታመሙ በፊት መዝግቡት፤ በራሱ ስም። መድኃኒቱንም ልጁ ያለበት አስቀምጡት። ያንን ካላደረጋችሁ የምትሰጡት ወረቀት ብቻ ነው።